የፋራንጊስ ካሜራና የሾውካት ብርድ ልብስ

በዚያ ዓመት የሳቬ ሮማን ዛፉ ላይ እንዳለ ፈነዳ። በጋው ሲያነድ ከርሞ፣ ሊለቀም ሳምንት ሲቀረው ያልታሰበ ዝናብ ጣለበትና፣ ፍሬው ሁሉ እየተሰነጠቀ፣ ቀይ ጥርሱን ገልጦ እንደሚስቅ ሰው በየአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። የተሰነጠቀ ሮማን ገዢ የለውም፤ ቶሎ ካልተጨመቀ ይበሰብሳል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተማው በሙሉ ድስት ጣደ። ሴቱ በየግቢው ተሰብስቦ ይፈለፍላል፤ ጭማቂው በትልልቅ የመዳብ ድስት እየተንተከተከ ጥቁር ማር እስኪመስል ይወፍራል፤ ጎምዛዛው እንፋሎት ከጣሪያ ጣሪያ ይሄዳል። የልጣጩ ጥቁረት ከእጅ አይለቅም። ሳሙናም አመድም ምንም አያደርገው፤ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ መጠበቅ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ሦስተኛ ዓመቱ ነበርና ሰው ሰማይ ሰማይ ሳያይ ደጅ መቀመጥን ገና እየለመደ ነበር። ሾውካት ያን ወር ስታስታውስ መጀመሪያ የሚመጣባት ደስታው ነው። ጸጸቱ ቆይቶ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ ግን አይሄድም።

ፋራንጊስ ከቴህራን የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው።

ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው። ፋራንጊስ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ልጅ፣ ሾውካት የብርድ ልብስ ሰፊው ልጅ። የሰባት ዓመት ልጆች ሳሉ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንዲት ጎረቤት በሯ ላይ ቆማ፣ “ግቡ ልጆች፣ ምሳ ደርሷል፣ አብረን እንቅመስ” አለቻቸው። በምሳ ሰዓት ላለፈ ላገደመው ሁሉ የሚባል ነገር ነው። ሾውካት እንደ ደንቡ፣ “እናመሰግናለን፣ ቤት ይጠብቁናል” ብላ መንገዷን ቀጠለች። ዞር ብትል ፋራንጊስ የለችም። ጫማዋን አውልቃ፣ ገብታ፣ ማዕዱ ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ቤት ሦስት ሰው፣ በድስቱም ውስጥ ሦስት ቁራጭ ሥጋ ነበር፤ አንዱን በላችው።

እናቷ ያን ዕለት በጆሮዋ ይዛ ነው ያወጣቻት። “ሰው ግቢ ሲልሽ የመጀመሪያው ለወጉ ነው። ሁለተኛውም ለወጉ ነው። ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ታዪና ወይ ትገቢያለሽ ወይ ትሄጃለሽ። ገባሽ?”

“ካልፈለጉኝ ታዲያ ለምን ግቢ ይሉኛል?”

“እንዳይከፋሽ ነዋ!”

“አሁን ግን ከፋኝ” አለች ፋራንጊስ፣ ጆሮዋን እያሸች።

ሾውካት በዚህ ወሬ ለዓመታት ስቃለች። እንግዲህ በዚያ አገር ዳቦ ሻጩ እንኳ “ይተዉት፣ ለእርስዎ አይመጥንም” ሳይል ሂሳብ አይቀበልም። እውነት መስሎት ዳቦውን ይዞ የሄደ ሰው ግን በሳቬ ታይቶ አይታወቅም።

ፋራንጊስ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ቴህራን ሄዳ የፊልም ሥራ ተማረች። የመጀመሪያው ፊልሟ በከተማው ዳርቻ ለውሃ ተሰልፈው ስለሚውሉ ሴቶች ነበር፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በጦርነቱ ጊዜ ግንባሩ አጠገብ ወዳለችው አህዋዝ ወርዳ፣ ለወታደር ልብስ ከሚሰፉ ባል የሞተባቸው ሴቶች ጋር አራት ወር ተቀመጠች። ከዚያ ደግሞ ፍቺ የሚጠይቁ ሴቶች ወረፋ የሚጠብቁበትን ኮሪደር ቀረጸች፤ በዚያ ፊልም ውስጥ የሚታየው ጫማቸው ብቻ ነው፣ የሚሰማው ድምፃቸው ብቻ። ለእያንዳንዱ ፈቃድ ስንት በር እንዳንኳኳች አላህ ይወቀው። ይህን ቁረጪ፣ ያንን አውጪ ሲሏት እሺ ትላለች። ፊት ሲከለክሏት እጅ ታሳያለች፤ እጅ ሲከለክሏት በር። አግብታም ነበር፤ ባልየው “ቤቴ ውስጥ ከእኔ በፊት የሚገባ ካሜራ አለ” ብሎ ሄደ። እናቷ በየለቅሶ ቤቱ፣ “የእኔ ልጅ ተምራ ተምራ የሰው ደጅ ቋሚ ሆነች” ትላለች። የሰፈሩ ሴት በበኩሉ፣ “ፋራንጊስ መጣች፤ የምታለቅሺበት ነገር ካለሽ አሁን አልቅሺ፣ ቴህራን ድረስ ትወስድልሻለች” እያለ ይቀልዳል።

ሾውካት ግን ትኮራባት ነበር። ራሷ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመችው፤ ከዚያ በኋላ የአባቷን መርፌ ያዘች።

የፋራንጊስ ካሜራ አሮጌ ነበር፤ ሲሠራ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጫጫል። “ሰው ድምፁን ሲሰማ አፉን ያሳምራል” አለቻት ለሾውካት። “እስኪ ብርድ ልብስ ስፊለት።”

“ለማሽን? ይበርደዋል እንዴ?”

“እሱ አይበርደውም። እሱ ሲጮህ ሰው ነው የሚበርደው።”

ሾውካት የብርዱን ወራት የምታሳልፍበትን፣ ከሥሩ ፍም በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋውን የጥሎሽ ብርድ ልብሷን አወጣች፤ ጫፉን ቆረጠችለት። ሦስት ድርብ አድርጋ፣ ጥጡን ጠቅጥቃ፣ ለዓይኑ አንድ ቀዳዳ፣ ለእጅ አንድ ቀዳዳ ትታ ሰፋችው። ካለበሱት በኋላ ፋራንጊስ አስነሣችው። ሾውካት ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች።

“እየሠራ ነው?”

“እየሠራ ነው።”

“በሞቴ? ጡት ጠብቶ የተኛ ሕፃን ነው የሚመስለው!”

ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። “በፊልሙ መጨረሻ ላይ ስምሽ ይጻፋል” አለቻት ፋራንጊስ። የሾውካት ስም እስከዚያ ቀን የተጻፈው በራሽን ካርድ ላይ ብቻ ነበር። ያን ቀን ብርድ ልብስ ስትሰፋ ሁለት ጊዜ መርፌ ወጋት፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

የአዲሱ ፊልም ጉዳይ ገና ልጅ ሳሉ የሚዳሩ ሴቶች ነበር። ፋራንጊስ፣ “የሚያናግረኝ ቤት ታውቂያለሽ?” ብላ ስትጠይቃት ሾውካት አላሰበችም፤ ኦዝራን ታውቃለች። ኦዝራ ባሏ የሞተባት፣ በሮማን አትክልት ቦታ የምትሠራ ሴት ናት። ሴት ልጇ መርዚዬ በአሥራ ሦስት ዓመቷ አራክ በምትባል ከተማ ላሉ ሰዎች ተዳረች፤ የከባድ መኪና ባለቤቶች ናቸው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይታ፣ በነጠላ ጫማ አውቶቡስ ተሳፍራ እናቷ ቤት ገባች። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ሲገቡ ኦዝራ ከድስቱ አጠገብ ተነሥታ የምትከናነበውን ቻዶር ወገቧ ላይ አሰረች። “እንኳን ደህና መጡ፣ እግርዎ ዓይኔ ላይ ይረፍ። የደሀ ቤት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልን።” ከዚያ ግድግዳው ሥር የቆመውን ነገር አየች። “ይሄ ምንድን ነው? ታቅፋችሁት የመጣችሁት ሕፃን ነው?”

“ካሜራዬ ነው፣ እመት ኦዝራ። ያለበሰችው ሾውካት ናት።”

“እሷማ አህያ ብታገኝም ታለብሳለች!”

ግቢው በሳቅ ሞላ። መርዚዬም ሻይ እየቀዳች ፈገግ አለች። ፋራንጊስ እጅጌዋን ሰብስባ ከሴቶቹ ጋር መፈልፈል ጀመረች። ልማዷ ነው፤ ከሰው ጋር ሥራ ትሠራለች እንጂ አትጠይቅም። ጣቷ እስኪጠቁር ድረስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከሰል፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሲወራ ቆየ። ሌሎቹ ሴቶች ወደየቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ኦዝራ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

“አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወረቀቱ ላይ አሥራ ስድስት አሉ። ያስጻፈው አጎቷ ነው፤ አውራ ጣቱ ግን የእኔ ነው። ያኔም እንዲህ የሮማን ጊዜ ነበር። ጣቴን ሳቀርብ ከሙሽራው ወገን አንዱ እጄን አየና፣ ‘አንቺስ ቀለም አያስፈልግሽም!’ አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።” ኦዝራ አንድ ፍሬ በሁለት እጇ ገመሰች። “እኔም ሳቅሁ። ሰማችሁ? እኔም አብሬ ሳቅሁ።”

ኦዝራ ራሷ ቀጠለች። “አሁን ሐጂ ነስሩላ ሽማግሌ ሆነው አማቷን ለምነውልናል። ሰውየው ‘ወሬው ካልወጣ፣ ብርዱ አልፎ አዲስ ዓመት ሲገባ ልጄ ይፈታታል’ ብሏል። አምስት ወር ዝም ማለት ነው። አምስት ወር ምን አላት፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብያለሁ።”

ብርሃኑ ከግቢው ሲወጣ ፋራንጊስ እጇን በጨርቅ ጠረገችና አቀርቅራ ተናገረች። “እመት ኦዝራ፣ ካሜራው ሲሠራ ነበር። ፊትዎ አልተነሣም፤ እጅዎና ድምፅዎ ብቻ ነው። ልያዘው?”

ኦዝራ እጆቿን አየች። ከዚያ በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚለውን አለች፦ “ይሄም ነገር ሆኖ ነው? ለእርስዎ አይመጥንም እንጂ። ቤቱም የእርስዎ፣ እኛም የእርስዎ።”

“እጅዎን አይመምዎ” ብላ አመሰገነች ፋራንጊስ። ተነሥታ የካሜራውን እግር ማጠፍ ጀመረች።

አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀችው። ኦዝራ ያኔ ወደ ሾውካት ዞራ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ሾውካት በደንብ አንብባዋለች፤ ለማንበቡ አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም። ሾውካት ግን አጎንብሳ፣ ያለቀውን ሮማን መልሳ ትፈለፍል ጀመር።

በር ላይ ሲደርሱ፣ “ፋራንጊስ…” አለች።

“ወይ ነፍሴ?” ፋራንጊስ ፊቷ በርቷል። እንዲህ ስትበራ ሾውካት ከልጅነቷ ወዲህ አይታት አታውቅም።

“ኧረ ምንም። ሻርፕሽን እንዳትረሺው ብዬ ነው።”

ፊልሙ በቴህራን ለውድድር የቀረበው በብርዱ ወራት፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ሾውካት በባለሱቁ ስልክ ተጠርታ እየሮጠች ሄደች።

“ሾውካት! አንደኛ ወጣን! ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ስምሽ በትልቁ ታየ!”

“እሰይ! እሰይ የእኔ አንበሳ!” ሾውካት እንባዋ መጣ። ባለሱቁ እያየ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “አንቺ ግን… ለአዲስ ዓመት እንኳ ሳይደርስ? የኦዝራ ነገር…”

“ፊት የለም፣ ስም የለም፣ የከተማው ስም እንኳ የለም። እጅ ብቻ ነው፣ ሾውካት። እጅ ስም የለውም።”

እጅ ስም አልነበረውም፤ ቀልዱ ግን ነበረው። “ቀለም አያስፈልግሽም” ያለው ሰውዬ ያችን ቀልድ ሁለት ዓመት ሙሉ አራክ ውስጥ በየድግሱ ሲናገራት ከርሟል፤ የቤተሰቡ ማሳቂያ ሆናለች። የፊልሙ ቅጂ በቪዲዮ ካሴት ከእጅ እጅ ዞሮ አራክ ያለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሲደርስ፣ ተላጩም ላጩም ያወቁት በዚያች ቀልድ ነው። በማግስቱ አማትየው ሰማ። በሦስተኛው ቀን ሳቬ መጣ። ሐጂ ነስሩላ አላናገሩትም አይባልም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ለመኑት። “ዝም ብትሉ ልጄ ይፈታታል አልኩ፤ አገሩን ሰብስባችሁ አዋረዳችሁኝ” አለ አማትየው። ወረቀቱ በእጁ ነው፤ አውራ ጣቱ እዚያው አለ። አዲስ ዓመት ሊገባ ሃያ ቀን ሲቀረው መርዚዬ መኪና ላይ ወጣች። ያን ጊዜ ነጠላ ጫማ አልነበረም ያደረገችው፤ እናቷ አዲስ ጫማ ገዝታላት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ መኪኖቹን ይዞ ወደ ባንዳር አባስ ወደብ ተዛወረ።

ፊልሙ ጥሩ አልሠራም ማለት አይቻልም። በቴህራን ብዙ ተወራበት። አንድ ዳኛ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ትተው ልጅቷን ራሷን መጠየቅ ጀመሩ ይባላል። ስንት ልጅ እንዳዳነ አይታወቅም። ያላዳነው ግን ይታወቃል።

ሾውካት ይህን ለፋራንጊስ አልነገረቻትም። አንድ ስድስት ዓመት። ፋራንጊስ በደወለች ቁጥር፣ “ኦዝራ ደህና ናት?” ትላለች፤ ሾውካትም፣ “ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች” ትላለች። እንዳይከፋት ነዋ። በዚያ መካከል ፋራንጊስ ሁለት ፊልም ሠራች፤ አንዱ ስለ ጡብ ፋብሪካ ሴቶች፣ አንዱ እስር ቤት ስለተወለዱ ሕፃናት። ሁለቱንም በዚያች ብርድ ልብስ ነው የሠራቻቸው። ሾውካት ስሟን ሁለቴ ደግማ በስክሪን ላይ አየች፤ ሁለቴም ዓይኗን ጨፈነች።

በስድስተኛው ዓመት ፋራንጊስ ለኦዝራ የሱፍ ሻል ይዛ ሳቬ መጣች። “ነይ አብረን እንሂድ” አለች። መንገድ ላይ ሾውካት ከአትክልት ቦታው ግንብ ሥር ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻት። ፋራንጊስ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ሻሉን አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አጣጠፈችው።

“እሷ አንድ ጊዜ ስትል አንቺ እዚያ ነበርሽ” አለች በመጨረሻ።

“ነበርኩ።”

“እኔም ነበርኩ” አለች ፋራንጊስ። ተነሥታ ሄደች፤ ሾውካት ተከተለቻት።

ኦዝራ አርጅታለች። ሻይ አቀረበች፣ የስኳር አንኳር አቀረበች። ፋራንጊስ ሳትጠጣ፣ “እመት ኦዝራ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለች።

“ምን አድርገውኝ! ቤቱ የእርስዎ ነው።”

“ይቅር ይበሉኝ።”

“ይተዉ እንጂ፣ እግርዎ ዓይኔ ላይ ነው። ሻይዎ ቀዘቀዘ።”

ፋራንጊስ ቀና ብላ ዓይኗን አየቻት። “ኦዝራ፣ ይቅር በይኝ።”

ኦዝራ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። “ያን ቀን አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሽኝ።”

“አዎ።”

“ሁለተኛውን ብትጠይቂኝ አወላውል ነበር። ሦስተኛውን ብትጠይቂኝ አይሆንም እልሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንቺ መሣሪያሽን ታጥፊያለሽ።” ወደ ሾውካት ዞረች። “ይቺም ታውቅ ነበር። አየኋት፤ ሮማን ውስጥ ተደበቀች።”

ሾውካት የምትደበቅበት ሮማን ያን ቀን አልነበረም።

“ይቅርታው ደግሞ የእኔ አይደለም” አለች ኦዝራ። “እኔም ይቅርታ ጠያቂ ነኝ። አውራ ጣቴን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሂጂና መርዚዬን ጠይቂ። ሻይሽን ጠጪ አሁን።”

ፋራንጊስ ከዚያ ወዲህ ፊልም አልሠራችም። ካሜራውን ቴህራን ላሉ ተማሪዎች ሰጠች። የካሜራውን ብርድ ልብስ ግን ለሾውካት መለሰችላት፤ “ከተቆረጠበት ላይ መልሰሽ ስፊው” ብላ። ሾውካት አልሰፋችውም። አልጣለችውምም። ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ትልቁ ብርድ ልብስም እስከ ዛሬ ጫፉ እንደጎደለ ነው፤ በብርዱ ወራት በዚያ በኩል ስትቀመጥ ጉልበቷን ይነካታል።

በዓመት አንድ ደብዳቤ ይመጣል። ሾውካት ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነበዋለች። ፋራንጊስ መርዚዬን ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀባት። ባንዳር አባስ ወደብ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ጀርባ፣ አራት ልጅ ወልዳ አገኘቻት። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ አውቃታለች። “ይግቡ” አለቻት፤ አንድ ጊዜ። ፋራንጊስ፣ “አላስቸግርሽም” አለች። መርዚዬ አልደገመችም፤ ፋራንጊስም አልገባችም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲቃረብ በሩን ታንኳኳለች። መርዚዬ ትከፍታለች፣ “ይግቡ” ትላለች፣ አንድ ጊዜ፤ ፋራንጊስ ትመለሳለች። ባለፈው ዓመት ሮማን ሲለቀም የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። “ዘንድሮ ሁለት ጊዜ አለችኝ” ይላል። ሾውካት ያችን መስመር ደጋግማ አነበበቻት። ኦዝራ በሕይወት ብትኖር ሮጣ ሄዳ ባነበበችላት ነበር።

ፋራንጊስ አሁን ባንዳር አባስ ናት። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥላ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ይዛ ለሴቶች ማመልከቻ ትጽፋለች። ከዓሣ ገበያው በስተጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ሦስተኛውን “ይግቡ” እየጠበቀች ትኖራለች።